ለሌሊት ነጥብ የለም

ባለፈው ጥር ለአጎቴ ተዝካር አገር ቤት ወርጄ እትዬ ጋ ነበር ያደርኩት። እትዬ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ዕድሜዋን ስትጠየቅ «ጣሊያን ሲወጣ ድክ ድክ እል ነበር» ትላለች። አሁንም ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ አሁንም ጠላ ትጠምቃለች።

የማጀቷን በር ልብ ብዬ ያየሁት በሁለተኛው ቀን ነው። በሩ ቆርቆሮ ነው። ከጥላሸቱ ሥር ቀይ ቀለም ታየኝና እጄን አርጥቤ ጠረግ አደረግሁት። «...ራቾች ኅብረት ሥ...» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ተቆርጧል።

ከኋላዬ መጥታ «ተይው እንጂ፣ ቀለሙን ታስለቅቂብኛለሽ» አለችኝ።

ያ ቆርቆሮ የመንደራችን አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሰሌዳ ነበር። ማኅበሩ ከፈረሰ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። መጋዘኑም የለም፣ በረቱም የለም፣ የቆመበት ቦታ ዛሬ ባሕር ዛፍ ነው። እትዬ ግን ያቺን ቁራጭ ቀለሟን እንኳ እንዳይፋቅ እየጠበቀች ይዛታለች። ይሄ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ።

በእኛ ቤት ስለ ማኅበሩ ሁለት ታሪክ አለ። አንዱ የአባቴ ነው፣ አንዱ የእትዬ። ልጅ ሳለሁ ከሁለቱ አንዱ ውሸት መሆን አለበት ብዬ አስብ ነበር።

እኛ ምሥራቅ ጎጃም ነን። ከደጀን ወደ ብቸና ስትሄዱ መንገዱ ግራና ቀኝ የምታዩት ጥቁር አፈር አለ አይደል? እሱ ነው አገራችን። ክረምት እግር ይዞ አይለቅም፣ በጋ ላይ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ጤፍ ይወዳል። ጤፍ ደግሞ ልፋት ይወዳል፤ ከሚያዝያ ጀምሮ መሬቱ እየተደጋገመ ይታረሳል፣ ሐምሌ ላይ ይዘራል፣ ከዚያ አረም ነው፣ ከዚያ አጨዳ፣ ውቂያ። በሬ የሌለው ሰው በዚህ አገር ገበሬ ነኝ አይልም።

ከ1967 በፊት መሬቱ ርስት ነበር። በ1960 መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አመጣሁ ሲል ጎጃም ጠመንጃ ያነሳው መሬታችን ሊለካ ነው፣ ሊወሰድ ነው ብሎ ነው። ስለዚህ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ ነገሩ እኛ ዘንድ እንደ ደቡብ አልነበረም። ደቡብ ላይ ጭሰኛው ከጌታው ነፃ ወጣ፣ ደስታው እውነተኛ ነበር። የእኛ ሰው ግን ብዙው የራሱን ርስት የሚያርስ ነው። አዋጁን የሰማው በጥርጣሬ ነው። ዘማቾቹ ተማሪዎች መጡ፣ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፣ አንድ ማኅበር 800 ሄክታር ያህል መሬት ይዞ፣ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ አይፈቀድም ተባለ። 10 ሄክታር ያለው ሰው ግን እኛ መንደር ማን ነበር?

አብሮ መሥራትን ማንም አላስተማረንም። ወንፈል ነበረ፣ ደቦ ነበረ። ዛሬ እኔ ላንተ አጭዳለሁ፣ ነገ አንተ ለእኔ ታጭዳለህ። መዝገብ የለውም ግን የተበደሩት ቀን አይረሳም። የታመመ ሰው እርሻ በደቦ ይታረሳል፣ ባለቤቱ ጠላውን ያቀርባል፣ አለቀ። ይሄን የምለው ኋላ የመጣው ነገር «ገበሬው መተባበር አያውቅም» ከሚል ሐሳብ ስለተነሣ ነው። አሁንም ሲታወሰኝ ያናድደኛል።

በ1971 የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መመሪያ ወጣ። ሦስት ደረጃ ነበረው። መጀመሪያ መልባ፦ መሬቱ የጋራ ይሆናል፣ በሬና ሞፈር ግን በየግል ይቆያል፣ ለጓሮ እስከ 2,000 ካሬ ሜትር ይተውልሃል። ቀጥሎ ወልባ፦ በሬውም መሣሪያውም የጋራ ነው፣ ጓሮውም ወደ 1,000 ይወርዳል። ከዚያ በላይ ወላንድ አለ፣ ብዙ ወልባዎች ተዋህደው የሚፈጥሩት፣ እዚያ የደረሱት በጣም ጥቂት ናቸው። በእኛ በኩል በምሳሌነት ሲጠራ የምንሰማው የትኖራ የሚባለው ማኅበር ነበር። «የትኖራን እዩ» ይባል ነበር በየስብሰባው።

አባቴን አንድ ጊዜ፣ ካደግሁ በኋላ፣ ለምን ገባህ አልኩት።

«እኔ መቼ ገባሁ? መሬቴ ናት የገባች» አለኝ።

እውነቱን ነው። ማኅበሩ መሬት ሲመረጥለት ወንዝ ዳር ያለው፣ ለጥ ያለው፣ ጥቁሩ ተመረጠ። የአባቴ ማሳ እዚያ መሐል ነበረች። አልገባም ያለ ሰው ሌላ ቦታ ይሰጠው ነበር፣ ሌላ ቦታ ማለት ደግሞ ዳገቱ ነው፣ ድንጋዩ። አልገባም ብለው ዳገት የወጡ ጎረቤቶች ነበሩን። የግል ገበሬ ተባሉ። ማዳበሪያና ብድር በመጀመሪያ ለማኅበሩ፣ ግብር ቀለል ያለው ለማኅበሩ። ልጆቻቸው ከእኛ ጋር መጫወት የተዉበትን ቀን አስታውሳለሁ፣ ምክንያቱን ግን ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። አንዲት ጓደኛዬ «አባዬ እናንተ ጋ እንዳልሄድ ብሎኛል» አለችኝ፣ በቃ። እስከ ዛሬ በሰርግም በለቅሶም ከእኛ ቤት የሚርቁ ቤተሰቦች አሉ፤ እኔ አልፈርድባቸውም።

አሁን ወደ በሬዎቹ ልምጣ።

አባቴ ሁለት በሬ ነበረው። ቦራና ዳማ። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ነው፣ ዳማ ቀይ። ቤታችን ውስጥ፣ ከመደቡ ማዶ ነበር የሚያድሩት። በሬ ቀን ያርሳል፣ ሲገባ ደክሞት ይተኛል፣ ብርታት የሚያገኘው ሌሊት ከሚበላው ነው። ይሄን ከተማ ያደገ ሰው አያውቀውም። አባቴ ዶሮ ሳይጮህ ይነሣል። ኩራዝ አያበራም። በጨለማ ጭዱን በእቅፉ ያመጣና ከፊታቸው ይበትናል፣ ጥቂት ቆይቶ ተነሥቶ ደግሞ ይጨምራል፣ የጓያ ገለባ ካለ ይቀላቅላል፣ አንዳንዴ ጨው ያስልሳቸዋል። አንድ ላይ አይሰጥም፣ አንድ ላይ ከሰጠህ ይረግጡታል ይላል። እኔ የጭዱን ኮሽታ እየሰማሁ መልሼ እተኛለሁ። እናቴ ይሄ ሰው ከእኔ ጋር ያደረበት ሌሊት ይኖራል ወይ ትል ነበር።

1976 ላይ ማኅበራችን ወደ ወልባ ከፍ አለ ተባለ። እኔ ስምንት ዓመቴ ነው። በሬዎቹ ሜዳ ላይ ተሰበሰቡ፣ ገማች ኮሚቴ ቆመ፣ የእያንዳንዱ ዋጋ ተጻፈ። ዋጋው ከማኅበሩ ገቢ ቀስ እየተባለ ይከፈላል ነበር የተባለው። አባቴ ግማሹንም አላገኘ። ከዚያ በሬዎቹ ወደ አዲሱ በረት ተነዱ። ማታ አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጦ ባዶውን ጥግ ሲያይ እናቴ እራት አቀረበች፣ አንስቶ ጥቂት ቀመሰ።

በማኅበሩ ሥራ የሚለካው በነጥብ ነበር። ስድስተኛ ክፍል የጨረሰ አንድ ልጅ መዝገብ ይዞ ማታ ማታ ይመዘግባል። ላረሰ ይህን ያህል፣ ላረመ ይህን ያህል፣ ላጨደ ይህን ያህል። ዓመቱ ሲያልቅ ከምርቱ ግብሩ፣ የማዳበሪያው ዕዳ፣ መጠባበቂያው ይቀነስና የቀረው በነጥብ ይካፈላል። ሲያስቡት ቀና ነው። የሠራ ይበላል።

በረቱ ተረኛ ጠባቂ ነበረው። ተረኛው ማታ ጭዱን አንድ ጊዜ ይጥልና በሩን ዘግቶ ይተኛል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ምናልባት ቤቱ ሳለ እሱም እንደ አባቴ ሌሊት የሚነሣ ሰው ነበር። አሁን ግን አርባ በሬ ነው፣ አንዱም የእሱ አይደለም፣ ቢነሣም ባይነሣም የሚጻፍለት ያው ነው። አባቴ ይሄን ሲነግረኝ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ለሌሊት ነጥብ የለማ» አለኝ። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ስለዚያ ዘመን ግብርና ካነበብኩት ሁሉ በላይ አምናታለሁ። የማኅበራቱ ምርት ጥሩ መሬትና ማዳበሪያ ይዘው ከግል ገበሬው ያልተሻለው ለምንድነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ እኔ ያቺን በረት ነው የማሳየው። ገበሬ የሚያለማው በቀን ብቻ ይመስላል ለሚያየው። ግን እኮ ዝናብ ሌሊት ሲመጣ ተነሥቶ ውኃ የሚቀይስ፣ የደረሰ ሰብል ማማ ላይ ሆኖ የሚጠብቅ፣ ጥጃ ስትወለድ የሚያድር ሰው ነው ምርቱን የሚያወጣው። ያን ደግሞ ማንም አይመዘግብልህም፣ አንተም እንዲመዘገብ አትጠይቅም።

እርሻ ላይም እንደዚያው ነው። በሬ በተራ ነው የሚመደበው። ቦራን ዛሬ እገሌ ይጠምደዋል፣ ነገ እገሌ። ማን ገረፈው፣ ማን አደከመው አይታወቅም። ቦራ ማታ ከእርሻ ሲመለስ ወደ እኛ ግቢ ይታጠፍ ነበር። አባቴ በእጁ መልሶ ወደ በረቱ ይነዳዋል። አንዳንዴ ደግሞ ሰው ሳያይ ከኪሱ ጨው አውጥቶ ያስልሰዋል። የገዛ በሬውን ተደብቆ!

በሦስተኛው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ቦራ ቀንበር እንደተሸከመ ተኛ፣ አልተነሣም። ቢላ ደረሰለት። ሥጋው ለአባላት ተከፋፈለ። የአባቴም ድርሻ መጣ። እናቴ ቀቀለችው፣ እኔና ወንድሜ በላን፣ እንዲያውም ተሻማን። አባቴ እስክንጨርስ ደጅ ቆየ።

ይሄ የአባቴ ታሪክ ነው። እዚህ ላይ ባቆም ቀላል ነበር።

እትዬ በ30ዎቹ ዕድሜዋ ነው ባሏ የሞተባት። ልጆቿም አላደጉላትም። መሬት ነበራት፣ በሬ አልነበራትም፣ ቢኖራትም በእኛ አገር ሴት ሞፈር አትጨብጥም። ስለዚህ መሬቷን በእኩል ትሰጥ ነበር። በእኩል ማለት አራሹ ግማሽ እሷ ግማሽ ነው። ግን አራሹ መጀመሪያ የራሱን ነው የሚያርሰው። እሷ ጋ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፣ በሬው ከደከመ በኋላ። ዘግይቶ የተዘራ ጤፍ ደግሞ ውርጭ ያገኘዋል። አውድማ ላይ ክፍያው ሲደረግ እሷ ቆማ ማየት ነው፣ የምትቆጥረውም የለም። «ጎታዬ ሰኔን አይቶ አያውቅም» ትላለች።

ማኅበሩ ሲመጣ እሷ ያለማንገራገር ገባች። ከገቡት ሁሉ በፈቃዷ የገባች እሷ ሳትሆን አትቀርም። አረመች፣ አጨደች፣ ተሸከመች፣ አውድማ ለቀለቀች። ቤቱ ወንድ ስለሌለው አባሏ እሷው ናት፣ ስሟ በራሷ መስመር ተጻፈ። (እናቴ የዚያኑ ያህል ትሠራ ነበር፣ የእሷ ስም ግን መዝገቡ ላይ የለም፤ አባሉ አባወራው ነው። ይሄንን እናቴ እስከ ሞቷ አልረሳችውም።) በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ እትዬ ድርሻዋን በአህያ ጭና ወደ ቤቷ ስትነዳ እንደ ሙሽራ እልል እያለች ነበር ይላሉ። ሰኔ መጣ፣ ጎታዋ ውስጥ እህል ነበረ።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ተጀምሮ ዞሮ እኛ መንደር ሲደርስ እትዬ ተመዘገበች። ማታ ማታ ከልጅ እግር ሴቶች ጋር ቁጭ ብላ ሀ ሁ ቆጠረች። ሰው «ምን ያደርግልሻል?» ይላታል። እሷ አስባበት ነበር። ማንበብ እንደጀመረች በቀጥታ የሄደችው ወደ መዝጋቢው ነው። ስሜን አሳየኝ አለችው። አሳያት። ጣቷን እያስኬደች ቀኖቿን ቆጠረች። በአረም ወቅት ሦስት ቀን ጎድሎባታል። ልጁ ረስቶ ነው ወይም ተሳስቶ፣ አላውቅም። በስብሰባ ላይ ተነሥታ፣ ሊቀመንበሩ ባለበት፣ ወንዶቹ ሁሉ ባሉበት፣ «ሦስት ቀን አለኝ፣ ከእነ እገሊት ጋር ነበር ያረምኩት፣ ምስክሮቼ እነዚህ ናቸው» አለች። ተጻፈላት። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ይለወጣል፣ ሁልጊዜ። ሦስት ቀን ስንት ጣሳ ጤፍ እንደሆነ አታስታውስም። የምታስታውሰው መጻፉን ነው።

አባቴ ስለዚያ መዝገብ ሲያወራ የማያይ ነገር አድርጎ ነው። እትዬ ስታወራ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት ነገር አድርጋ ነው። መዝገቡ ግን አንድ ነው፣ ያው ልጅ ነው የጻፈው።

በመሐል ብዙ ነገር ሆኗል፣ ሁሉንም አልዘረዝርም። ኮታ ነበረ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት መኪና ይመጣል፣ ዋጋው ተቆርጦ ነው የሚመጣው፣ ከገበያው በታች። ኮታው አልሞላ ያለው ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረክባል። ብሔራዊ ውትድርና መጣ፣ የሄዱ አልተመለሱም። 1978 ላይ ደግሞ መንደር ምሥረታ ተባለና ቤቶች ፈርሰው በመስመር ተሠሩ፤ የእናቴ ጌሾና የጓሮ ጎመን ማዶ ቀረ፣ ውሻ ብቻውን እየሄደ የድሮው ቤት ፍራሽ ላይ ይተኛ ነበር። በስብሰባ የ10 ዓመቱ መሪ ዕቅድ ይነበባል፣ ወደፊት ገበሬው በብዛት በኅብረት ሥራ ይታቀፋል ይባላል። ሰው ያጨበጭባል። ከዚያ ወደ ጓሮው ይሄዳል። በ1,000 ካሬ ሜትሯ ላይ የበቀለውን በቆሎ ብታዩት ኖሮ!

የካቲት 1982 መጨረሻ ላይ ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ብለው አወጁ። ከማኅበር መውጣት የፈለገ ንብረቱን ተካፍሎ መውጣት ይችላል ተባለ። አገሩ ሁሉ የጠበቀው ቃል ያ ነበር። በሳምንታት ውስጥ አብዛኛው ማኅበር ፈረሰ። የእኛ ግማሽ ቀንም አልፈጀበት። እኔ 14 ዓመቴ ነው፣ ሁሉንም አይቻለሁ። በሬዎቹ በዕጣ ተከፈሉ። አባቴ የማያውቀው ጠቋራ በሬ ደረሰው፣ ገመዱን ይዞ ሲመጣ ያለቅስ ነበር፣ እሱ ላብ ነው አለን። ዳማም ከሞተ ቆይቷል። ከዚያ መጋዘኑ ላይ ወጡ። ቆርቆሮው ተነቀለ፣ ማገሩ ተነቀለ፣ ምስማሩ ሳይቀር ተለቀመ። ያን ቀን ጠላው ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተጨፈረ። የግል ገበሬዎቹም ከዳገቱ ወርደው ዳር ቆመው ያዩ ነበር።

እትዬ ብቻ ቤቷ ገብታ ተቀመጠች። ለአራት ሰው አንድ በሬ ነበር የደረሳቸው፣ ሦስቱ ወንዶች በጥቂት ብር አስወጧት። ሁለት ቆርቆሮና የሰሌዳው ቁራጭ ደረሳት። መሬቷ ተመለሰላት። መሬቷን ምን ታድርገው? እንደገና በእኩል ሰጠች። ኋላ ላይ አባቴ እኔ አርስልሻለሁ ብሎ ያዘው፣ እህል ሳይካፈላት። ጥሩ ወንድም ነበር። ግን አባቴም የእሷን ማሳ የሚያርሰው የራሱን ከጨረሰ በኋላ ነው። አይቻለሁ። አባቴን በጣም ነው የምወደው፣ ይሄንንም መጻፍ ስላለብኝ ነው የጻፍኩት።

መዝጋቢው ልጅ ሌላ ዕጣ ነው የገጠመው። በ1989 በክልላችን መሬት እንደገና ሲደለደል በደርግ ጊዜ ሥልጣን የነበራቸው ሰዎች «ቢሮክራሲ» ተብለው ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይይዙ ተደረገ። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ገደማ ነው። ሊቀመንበር የነበረም ገባበት፣ ደብተር የያዘም ገባበት። ስምንት ልጅ እያለው ከመሬቱ ተቆረጠበት። በስድስተኛ ክፍል ትምህርቱ ተመርጦ የተጻፈውን ሁሉ የጻፈ ሰው ነው።

አሁን መንደሩ ውስጥ ሌላ ማኅበር አለ። ከ1991 አዋጅ ወዲህ ያለው ዓይነት፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚያከፋፍል። መሬቱም በሬውም የየራስ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ኩታ ገጠም አለ፣ ጎን ለጎን ያሉ ማሳዎች አንድ ዓይነት ዘር ይዘራሉ፣ ወሰኑ ግን አይፈርስም። ወጣት የግብርና ባለሙያ መጥታ ስታስረዳ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አውጥተው «በሬውስ?» ብለው ጠየቁ አሉ። ልጅቷ አልገባትም። ስለ በሬ አልተናገረችም ነበር እኮ። እኔ ግን ሲነገረኝ ሆዴ ተላወሰ።

በተዝካሩ ቀን መዝጋቢውን አገኘሁት። ሸብቷል። ወደ ከተማ ገብቶ ወፍጮ ቤት ነው የሚሠራው። እትዬ ቀድማ አደራ ብላኝ ነበር፦ መዝገቡ የት እንደደረሰ ጠይቂልኝ።

ጠየቅሁት። መጋዘኑ የፈረሰ ቀን በብብቱ ይዞ ወጥቷል። ሰባት ዓመት ከአልጋ ሥር አስቀምጦታል፣ ሰው አንድ ቀን ይፈልገዋል ብሎ። 1989 ላይ ቢሮክራሲ ሲባል ሚስቱ ፈራች። ቤት ይፈተሻል ተብሎ ተወርቶ ነበር። እሱ በሌለበት እንጀራ ስትጋግር ምጣድ ሥር ከተተችው።

ማታ ለእትዬ ነገርኳት።

«ሁሉንም?» አለች።

«ሁሉንም።»

ትንሽ ቆየች። «እሷስ ምን ታርግ፣ ፈርታ ነው» አለች። ከዚያ ተነሥታ የማጀቱን በር ገፋ አድርጋ ዘጋችው፤ ብርድ ገብቶ ነበር።